ወደ ሞምባሳ የሄደው ደብዳቤ

ቢ ዙሌኻ ደብዳቤውን ለጀልባ ሰዎች የሰጠችው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን የጻፈችበትን እጇን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች።

ኬንያ ነጻ በወጣች በስምንተኛው ዓመት፣ ሲዩ በምትባለው የፓቴ ደሴት መንደር ውስጥ፣ ከእሷና የቁርዓን አስተማሪ ከነበረችው ከአሮጊቷ ከቢ ሪያማ በቀር ብዕር የምትይዝ ሴት አልነበረችም። ዙሌኻን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ስዋሂሊውን በዓረብኛ ፊደል ትጽፈዋለች። አንድያ ልጇ ላሊ ሞምባሳ ወደብ ላይ ከተቀጠረ ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳታጓድል ጽፋለታለች። ደብዳቤዎቿ ስለ ትልቅ ነገር አያወሩም። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ማለቱን፣ ጥቁሯ ፍየል መንታ መውለዷን፣ የዘንባባው ጣራ በምሥራቅ በኩል መሳሳቱን፣ ማን እንዳገባና ማን እንደተቀበረ፣ የደቡብ ነፋስ ገብቶ ዓሣ አጥማጆቹ እቤት መዋላቸውን ነው የምትጽፍለት።

የላሊም መልስ በእሷ ስም ይመጣል። ምራቷን ዛኪያን ምንጣፉ ላይ አጠገቧ አስቀምጣ ታነብላታለች። ዛኪያ ፊደል አትለይም። ላሊ አንዳንዴ ለሚስቱ የሚጽፈው ነገር እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው ዓይነት ስላልሆነ፣ ዙሌኻ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ታልፈዋለች። ይህ ነውር አልነበረም። ነውሩ የጀመረው ከረመዳን ወዲህ ነው። ላሊ ሞምባሳ ላይ ክፍል አግኝቻለሁና ዛኪያን ላኪልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ጻፈ። ዙሌኻ ሁለቱንም ጊዜ “ደህና ነኝ፣ ሰላም በሉልኝ ብሏል” ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ለልጇ ደግሞ “ሚስትህ ትንሽ አሟታል፣ ቆየት ብላ ትምጣ” ስትል መለሰችለት። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዛኪያ ከሄደች በዚያ የድንጋይ ቤት ውስጥ ከፍየሎቹ በቀር የሚተነፍስ ነገር አይኖርም።

ከዚያ በኋላ ነው ዛኪያ ጠዋት ጠዋት መጥፋት የጀመረችው። ቤቱን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ ጥቁር መሸፈኛዋን ተከናንባ ትወጣና አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ትመለሳለች። ስትጠየቅ ጓደኛዬ ጋ ነበርኩ ትላለች። ዙሌኻ ጠርጥራ ዝም ብላ ሳለ ጎረቤቷ ቢ ቱማ ነገሩን አፈረጠችው።

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ቢ ዙሌኻ። ምራትሽ በየቀኑ ልብስ ሰፊው ባካሪ ቤት ነው የምትገባው። ስንት ቀሚስ ቢሰፋላት ነው?”

ባካሪ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ የሚኖረው ከእናቱ ከቢ ሪያማ ጋር ነው። ዙሌኻ ግን ከቢ ሪያማ ጋር በቆየ ነገር ተቀያይማ ደጇን ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ገብታ አልጠየቀችም። አንድ ጠዋት ከመስጊዱ ግድግዳ ሥር ቆማ ዛኪያ ፊቷን ሸፍና በባካሪ በር ስትገባ በዓይኗ አየች። ቤቷ ተመልሳ፣ የልቧ ንዴት ሳይበርድ ብዕሯን አነሣች። ስለ ፍየሏ ጻፈች። ስለ ጣራው ጻፈች። በሁለቱ መካከል ይህን አስገባች፦

“ሚስትህ ጠዋት ጠዋት የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። ሰዎች ሰፊው ባካሪ ቤት ይላሉ፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ወንድ ነህ፣ የሚበጅህን ታውቃለህ።”

ማክሰኞ ደብዳቤው ሄደ። ሐሙስ፣ ዛኪያ እንደወጣች ዙሌኻ ተከተለቻት። አሁን እጅ ከፍንጅ ይዛ፣ ነገሩ በምስክር እንዲያልቅ ነው ያሰበችው። ባካሪ በሩ ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። ሲያያት ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣትና ጓዳውን በእጁ አመለከታት። “ከእናቴ ጋር ናት፣ ግቢ” አላት እንግዳ ነገር እንደሌለ ሁሉ።

ከጓዳው ድምፅ ይሰማል። ልጅ ፊደል ሲቆጥር እንደሚያደርገው የተቆራረጠ ድምፅ ነው። ዙሌኻ መጋረጃውን ገለጠች። ቢ ሪያማ የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ዛኪያ አጠገቧ ወረቀት ይዛ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። “ክፍሉ… ትንሽ ነው… ግን… መስኮት አለው። ዛኪያን…”

ዙሌኻ ወረቀቱን አወቀችው። ከራሷ ሣጥን የወጣ፣ ላሊ ከረመዳን በኋላ የጻፈው ነው።

“ግቢ እንጂ፣ ዙሌኻ” አለች ቢ ሪያማ። “አራት ወር ሙሉ ስንደክም ከረምን። ምራትሽ ቶሎ ነው የገባት።”

ዛኪያ አልደነገጠችም። ወረቀቱን በቀስታ አጠፈችው። “እማማ፣ ይህን ያነበቡልኝ ቀን ስለ መስኮቱ አልነገሩኝም” አለች።

ዙሌኻ ስለ ሣጥኑ መቆጣት ይገባት ነበር፤ እሷ ግን የምታስበው ማክሰኞ ስለሄደው ደብዳቤ ብቻ ነው። ፖስታው ላሙ ከተማ ገብቶ፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከባሕሩ ማዶ ካለው የብስ በአውቶቡስ ወደ ሞምባሳ ይሄዳል። ላሊ እንደ አባቱ ነው፤ ዝም ብሎ ይቆይና አንዴ ከተናገረ አይመለስም። ፈትቻታለሁ ብሎ በሰው ፊት አንዴ ካለ አለቀ። ዙሌኻ መጋረጃውን ለቀቀችውና ወደ ባሕሩ ሄደች።

የጀልባው አዛዥ ናኩዳ ፋማው ጀልባው ላይ ኮኮናት እያስጫነ ነበር። ዛሬውኑ ላሙ አድርሰኝ ስትለው ሳቀ። ውሃው እየሸሸ ነው፣ ባሕር ውስጥ በበቀሉት የማንግሮቭ ዛፎች መሐል ያለው መተላለፊያ የሚታለፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው፣ አሁን ብንነሣ ጭቃ ላይ ነው የምንቀመጠው አላት። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና ጀልባው ላይ ወጣች። “የሚሞት ሰው አለ?” ብሎ ጠየቃት። ሊኖር ይችላል አለችው።

ተነሡ፤ እንዳለውም ሆነ። ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፎ መተላለፊያው አፍ ላይ ደርሰው ትንሽ እንደገቡ የጀልባው ሆድ አሸዋውን ፈተገና ቆመ። ሰዎቹ ወርደው ገፉ፤ አልነቃነቅ አለ። ውሃው ከሥራቸው እየተሳበ ሄደ፤ የማንግሮቩ ሥር ሁሉ እንደ ጣት ተራቁቶ ቀረ። ሸርጣን ጭቃው ላይ ይርመሰመሳል። ፋማው ሸራውን አውርዶ ጥላ አበጀላትና ተኛ። ዙሌኻ ግን ጥላውን ትታ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ የውሃውን መመለስ ጠበቀች። ከሩቅ የሌላ ጀልባ ሸራ በጥልቁ ባሕር ሲያልፍ ባየች ቁጥር ደብዳቤዋ እዚያ ላይ ያለ ይመስላት ነበር። በመጨረሻ ጀልባው ሲንሳፈፍ ነፋሱ ደግሞ ከፊት ሆነባቸው። ላሙ የደረሱት ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ነው።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ በትሕትና ሰማትና የሞምባሳው ከረጢት ትናንት ማታ መሻገሩን፣ አውቶቡሱም ጎህ ሳይቀድ መነሣቱን ነገራት። “ቢኖር እንኳ አልሰጥሽም ነበር፣ እናቴ። ሣጥን ውስጥ ከገባ የተቀባዩ ነው።”

የቀረው ቴሌግራም ነበር። ቴሌግራም ደግሞ ለጸሐፊው ጮክ ብሎ ነው የሚነገረው። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል፤ ሁለቱ የሲዩ ሰዎች ናቸው። ስሟን የሚያውቁ፣ ደብዳቤ ሲመጣላቸው እሷ ጋ ይዘው የሚመጡ ናቸው። ጸሐፊው ብዕሩን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

“ስለ ሚስትህ የጻፍኩት ሐሰት ነው” አለች። “ንጹህ ናት። እናትህ።”

ጸሐፊው አልሰማሁም አላት። ደገመችው። ከኋላዋ የነበረው ሹክሹክታ ጸጥ አለ።

ቅዳሜ ሲዩ ስትመለስ ዛኪያ እራት አቀረበችላት፤ ሩዝና በኮኮናት የተሠራ ዓሣ ነበር። የት ነበሩ ብላ አልጠየቀቻትም። ዙሌኻ ያን ዕለት ልትነግራት አሰበችና አልቻለችም። እሑድም አልቻለችም። ቴሌግራሙ ደርሶ ከሆነ ነገሩ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ደግሞም የሲዩዎቹ ሁለት ሰዎች ምን እንዳወሩ እያሰበች ጉድጓድ ዳር መሄድ ተወች። ዛኪያ እንደ ወትሮው ትጠርጋለች፣ ፍየል ታልባለች፤ ግን ሁለቱ ሴቶች እየተያዩ መቀመጥ አቆሙ። የላሊን ስም ማንም አላነሣም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከማንግሮቩ ጀርባ ሸራ ታየ። ዙሌኻ ልቧ ነግሯት ወደ ዳርቻው ሮጠች። ላሊ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃውን እየረገጠ ይመጣል፤ ያለ ሻንጣ። ደብዳቤውን ያገኘው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ተነሣ። ቴሌግራሙ ግን ዓርብ ማታ ደርሶ፣ ለሰንበት በተዘጋው የወደቡ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል።

“የት ናት?” አላት፤ እጇን እንኳ አልሳመም።

ተሳስቼ ነው አለችው። ሐሰት ነው፣ ቴሌግራም ልኬልህ ነበር፣ ዛኪያ ምንም አላደረገችም። ላሊ ቆሞ ፊቷን መረመረው።

“በዓይኔ አየሁ ብለሽ ጽፈሽ የለ? ዛሬ ምን አስፈራሽ? ነገር እንዳይመጣ ነው የምትሸፍኚላት?”

ማለችለት፤ አላመናትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነገረችውን ሁሉ ያመነ ልጅ እውነቱን ስትነግረው አላመናትም። አልፏት ሄደ። እሷም ከኋላው እየተደናቀፈች ተከተለችው፤ ቢ ቱማ ከደጃፏ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ዛኪያ ምንጣፉ ላይ ሩዝ ትለቅማለች። ባሏን ስታይ ደስ ብሏት ብድግ አለች፤ ፊቱን ስታይ ግን ባለችበት ቀረች። ላሊ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ወረወረው።

“እማዬ፣ አንብቢላት” አለ። “ምን እንዳለ ትስማው፤ ከዚያ በኋላ እኔ የምለውን እላለሁ።”

ዙሌኻ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ዛኪያ አጎንብሳ ወረቀቱን አነሣችው።

“ለልጄ… ለላሊ” ብላ ጀመረች። ጣቷ በቃላቱ ሥር ይሄዳል። “ሰላምታዬ… ይድረስህ። ጥቁሯ ፍየል… ወለደች።”

ላሊ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዛኪያ አልቸኮለችም፤ አንድም ቃል አልዘለለችም። “ሚስትህ… ጠዋት… ጠዋት” የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ ቀጠለች። የባካሪን ስም አነበበች። “በዓይኔ… አይቻለሁ” የሚለውን አነበበች። ዙሌኻ የገዛ ቃሏን በዚያ በሚሰናከል ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛኪያ ስለ ጣራው የሚለው ላይ ደርሳ፣ ስሙን ፊርማውን ሁሉ ጨርሳ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

“ያስተማረችኝ የባካሪ እናት ናት” አለች። “ሂድና ጠይቃት፤ እግሯ አያስኬዳትም እንጂ እሷ ራሷ ትመጣልህ ነበር። አንተ ለእኔ የምትለው ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። እማማ ሲያነቡ ዓይናቸው ከአፋቸው ቀድሞ ይሄዳል።”

ከዚያ ሁለቱን የክፍሉን ደብዳቤዎች አምጥታ ከፊቱ ዘረጋቻቸው። ላሊ አያቸውና ወደ እናቱ ዞረ። ታማለች ብለሽ ነበር አላት።

“አልታመመችም” አለች ዙሌኻ። “ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የደበቅኩት እኔ ነኝ።”

ላሊ ወጥቶ እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት መስጊድ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ሲመለስ ዛኪያን እንድትዘጋጅ፣ በሚቀጥለው ጀልባ አብራው እንድትሄድ ነገራት። ይቅርታ ለመጠየቅ ያሰበው በዚህ ነበር። ዛኪያ ግን እምቢ አለች።

“አንተ እዚህ ድረስ የመጣኸው ልትፈታኝ ነው” አለችው። “አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ። ተመለስና ጻፍልኝ፤ በእኔ ስም፣ ለእኔ። ደስ ካለኝ እመጣለሁ።”

ላሊ ሦስት ቀን ለመናት፤ በአራተኛው ብቻውን ሄደ። ዛኪያም ዕቃዋን ይዛ በዚያው ደሴት ፋዛ በምትባል መንደር እናቷ ቤት ገባች። ደብዳቤዎቹ በእሷ ስም ወደዚያ ይመጡ ጀመር፤ ስንት እንደሆኑ ዙሌኻ አላወቀችም። የሰሜን ነፋስ ሲገባ ግን ዛኪያ ሲዩን በሩቁ አልፋ ሞምባሳ መሄዷን ከፋማው ሰማች።

ዙሌኻ ያን ወቅት ሁሉ ለማንም ደብዳቤ አላነበበችም፤ የጠየቃትም አልነበረም። ከቢ ሪያማ ጋር ብቻ ታረቀች፤ እግሯን በዘይት ልታሽላት ጠዋት ጠዋት በባካሪ በር ትገባለች። ለዛኪያ ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምራ ቀደደች። ስድስተኛው ላይ ስለ ቤትም ስለ ከብትም አልጻፈችም። “በድዬሻለሁ። ማለት የሚገባኝን በአፌ ሳልልሽ ሄድሽ” ብላ ጽፋ ላከችው።

መልሱ ሁለት ወር ቆየ። ፊደሉ ወዲያና ወዲህ የተጋደመ፣ በዛኪያ እጅ የተጻፈ ነበር። ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ልትወልድ ፋዛ እናቷ ጋ እንደምትመጣ፣ ሲዩ እንደማታድር ይናገራል። በመጨረሻው መስመር “በሰባተኛው ቀን፣ ለስም ማውጫው፣ ሊመጡ ይችላሉ” ይላል።

ዙሌኻ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሕፃኑ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ገና ሳይረፍድ ተነሥታ፣ ለስም ማውጫው የምትታረድ አንዲት ግልገል እየጎተተች የፋዛን መንገድ ጀመረች።