ሞተሩ አውጫጭ የተቀመጠ ዕለት

ሽታዬን «ሞተር ገዳይ» ብሎ ስም ያወጣላት የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ዋኘው ነው። ጣልያን ወጥቶ ትክል ድንጋይ ከተማ የሞተር ወፍጮ የገባ ሰሞን፣ የእሷ ማሽላ ሲፈጭ ሞተሩ ቀጥ አለ። «እርጥብ እህል አምጥታ አነቀችው!» አለ ዋኘው። እህሉ ፀሐይ ጠጥቶ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ነበር፤ ግን ማን ይስማት! ከዚያ ወዲህ ከወፍጮ ቤቱ ተከለከለች። በእጅ ስትፈጭ ኖራ ትከሻዋ ወለቀ። አሁን ደግሞ የልጇ ሠርግ ደርሷል፣ ጤፉም አልተፈጨም።

«ከደጁ ያባርረኝ እንደሁ ያባርረኝ» ብላ ጤፏን አዝላ ሄደች። ስትደርስ ሞተሩ ቆሟል። ዋኘው ሌላዋን ባለእህል ያፋጥጣል።

«እርጥብ ነው ብያለሁ!»

ሽታዬ ሸክሟን ዱብ አደረገችና ወደ ባለወፍጮው ዞረች።

«አያ ቢያዝን፣ በሬ ሲሰረቅ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አውጫጭ እንቀመጣለና! አገሬውን ሰብስበን፣ ሌባው እስኪለይ አንድ ባንድ እንጠይቃለን።»

«ምነው ታዲያ ሞተሩን አትጠይቁት?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። «ደሞ ይቺ ዳኛ ሆነች!» አለ ዋኘው።

«አንተ ምስክር ነህ። በማርያም ማል!»

ባለወፍጮው አፈጠጠበት፤ ማለ።

ሽታዬ ከሰል አንስታ ግድግዳው ላይ እንደ ገበጣ ጉድጓድ መደዳ ቤት ሠራች። ፊደል አትቆጥርም፤ ተከሳሾቹን ወደ ታች ሣለቻቸው፤ ለእህሉ ነጥብ ነጥብ፣ ሞተሩን ከወፍጮው ለሚያያይዘው ቺንጋ ረጅም መስመር፣ ለናፍታ ማጣሪያው ወንፊት። ሞተሩ ሲታመም የሚያሳያቸውን ምልክቶች ከላይ አደረገች።

«እርጥብ እህል ሲያንቅ የወፍጮው ድንጋይ አይግልም?»

«ይግላል» አለ ዋኘው።

«ዛሬስ?»

«በረዶ ነው! ዳስሰነዋል» አሉ ሴቶቹ።

የእህሉን ቤት በከሰል ሰረዘችው።

«ቺንጋውን ፍታና ሞተሩን ለብቻው አስነሳ።»

ፈታው። ሞተሩ ተነሣ፣ አሳለ፣ ሞተ።

«ቺንጋውም ነጻ ወጣ» ብላ ሰረዘች። «ናፍታ ሲያጥረውስ ምን ያደርጋል?»

ዋኘው መሬት መሬት አየ። «ያስላል... ይሞታል።»

ወንፊቱ ብቻ ቀረ። ባለወፍጮው ማጣሪያውን አስፈታው፤ እንደ ድፍድፍ የወፈረ ጥቁር አተላ ተዘረገፈ።

«ይህን የሚያጥበው ማነው?» አለች ሽታዬ።

«እኔ።»

«የእኔ ማሽላ ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም ይኸው ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ነው።»

«ታረቁ» አለ አያ ቢያዝን። ዋኘው እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ እግሯ ሥር ጎነበሰ።

«በይ ይቅር በይውና አውርጂለት» አሏት ሴቶቹ።

ሽታዬ አለፈችው። በደኅናው እጇ ጤፏን ጎትታ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጠች።

«ማጣሪያውን እጠብና አስነሳ።»

«ድንጋዩስ?»

«ጤፌ ተፈጭቶ እስኪያልቅ እዚያው አንገትህ ላይ ይቆይ።»