ሁለተኛው የኮሶ ዋንጫ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ ብርቅነሽ ሆዷን ይዛ ስታቃስት ሰማሁ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ማለዳ ትጠጣው ዘንድ ኮሶው ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በዋንጫ ተቀምጧል፤ ከዚያ በኋላ እንድትጠገንበትም ጎረቤታችን ባላምባራስ ይመኑ የወይፈን ሙዳ ሥጋ ልከውልኛል። ሥርዓቱ ሁሉ ተሟልቷል፤ ልቤ ግን እንቢ አለኝ። እናቷ ወርቅያንጥፉ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ዋንጫ ጠጥታ ነበርና። ትሉ አልወጣ ቢላት ሁለተኛ በጥብጬ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ በማግሥቱ ቀበርናት። ለሰው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» አልሁ፤ ለልጄም እንዲሁ። ይህን እያሰላሰልሁ ከመደቡ ላይ ጋደም እንዳልሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም ወርቅያንጥፉ ከራስጌዬ ቆማ «የብርቅነሽ አባት፣ ይነሡ» አለችኝ፤ ተከተልኋት። የወሰደችኝ አገር የራሳችን ከተማ ነበረ፤ ወንዙም ቤተ ክርስቲያኑም ያው ነው። ነገር ግን እዳሪ የምንወጣበት የወንዝ ዳር ጸድቶ፣ ለየቤቱ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው መጸዳጃ ተሠርቶ፣ ከብቶቹ ንጹሕ ሣር ይግጣሉ። በማረጃው ስፍራ አንድ ሰው ሥጋውን በቢላዋ እየሰነጠቀ ይመረምራል፤ ነጭ ፍሬ ያገኘበትን ባለቤቱ ቢለምነውም ያስቀብረዋል። በየምድጃው ሥጋ ይንተከተካል እንጂ ቀዩን ሙዳ አንጠልጥሎ የሚጎርስ አላየሁም። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋልና ዛሬ አይገኙም» እያለ ባለጉዳይ የሚመልስ አሽከርም በየደጃፉ አልነበረም። የኮሶው ዛፍ አበባውን እንደ ተሸከመ ቆሟል፤ ንቦች ብቻ ይመላለሱበታል።

«እዚህ ኮሶ የሚጠጡት በስንት ወሩ ነው?» አልኋት።

«አይጠጡም።»

«ታዲያ ኮሶ የሌለው ሰው ጤና አለው እንዴ?»

በሕይወቷ ሳለች በእኔ ዐዋቂነት ትሥቅ እንደ ነበረው ሣቀች። «እኔን በስንት ጊዜው ያጠጡኝ ነበር?»

«በየሁለት ወሩ።»

«በመካከሉስ ምን ያበሉኝ ነበር?»

መልሱን ዐውቀው ነበርና አፈርሁ። «ጥሬ ሥጋ። ብልቱን እየመረጥሁ፣ በገዛ እጄ እያጎረስሁ።»

«በፍቅር ነበር፤ ዐውቃለሁ» አለች። «እዳሪ የወጣችሁበትን ሣር በሬው ይግጠዋል፤ የትሉ ዘር በሥጋው ውስጥ ፍሬ ይሆናል፤ እናንተም በጥሬው ትውጡታላችሁ። በኮሶ ታስወጡትና ደስ ብሏችሁ እንደገና ትውጡታላችሁ።»

«ያን ሁለተኛውን ዋንጫ…» ብዬ ጀመርሁ።

«አንጀቴ ተቆረጠ፣ ይብቃኝ ብዬዎት ነበር።»

እውነት ነው፤ ብላኝ ነበር። «እንደ ሕፃን አትሁኚ» ብዬ ዋንጫውን ከአፏ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ከእግሯ ልወድቅ ጎንበስ ስል «እኔን ይተዉኝ፤ ልጅቷን ይመልከቱ» አለችኝ።

ባነንሁ። ብርቅነሽ ከአጠገቤ ቆማ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አባባ፣ በጣም አመመኝ። እስከ ማለዳ ከምጠብቅ አሁን ልጠጣው?»

ነጥቄ ከደጅ ደፋሁት።

«ማለዳ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እነሱ መርምረው፣ መድኃኒቱን በልክ ሰፍረው ይሰጡሻል» አልኋት።

«ሥጋውስ?»

«ይቀቀላል።»

«ባላምባራስ ይሥቁብናላ!»

«ይሣቁ።»

ያየሁትን ለባላምባራስም፣ ለደብሩ ሰውም፣ ለገበያተኛውም እናገር ዘንድ ቆርጫለሁ። አስቀድማ ልትሰማው የሚገባት ግን ከፊቴ ቆማለች። እጇን ይዤ ከመደቡ ላይ አስቀመጥኋት።

«ብርቅነሽ» አልኋት፤ «እናትሽ የሞተችው ቀኗ ደርሶ አይደለም።»