ትርጉምና አገባብ

የእግር ማለማመጃው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከሽማግሌው አራቀችው።

«እዚያ ሲደርሱ ይቀመጣሉ፣ ጋሼ» አለች። በአፏ አንቱ ትለዋለች፤ በሆዷ ግን ሌላ ነው።

ሽማግሌው ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ይዞበታል። ልምምዱን ከጀመረ ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የሕክምና መከታተያ ቅጹ ላይ መሻሻል ከተጻፈለት ሕክምናው ይቀጥላል፣ ካልተጻፈለት መጦሪያ ይገባል። ልጁ ሥራ ትታ ቤት ልትጠብቀው አትችልም። ቅጹን የምትሞላው ይህችው ፊዚዮቴራፒስት ናት።

እሱ ያወቃት አይመስልም። እሷ ግን ገና ከበር አውቃዋለች። የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪው ሳለች «ፕሮግረስ! ትርጉም? አገባብ?» ብሎ አፋጠጣት። ትርጉሙን፣ ወደፊት መሄድ ነው፣ ብላ መለሰች። ዓረፍተ ነገር ሥሪበት ሲላት ምላሷ ተሳሰረ። እስክትሠሪ መቀመጥ የለም ብሎ ሰሌዳው ሥር ገተራት። አንዱ ክፍለ ጊዜ አለቀ፣ ሌላው ተጀመረ፣ እሷ እዚያው ናት። ሽንቷ አመለጣት። «ተመልከቱ፣ ሐውልታችን ውሃ አፈለቀች» አለ መምህሩ፤ ተማሪው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ ሐውልት ሆኖ ቀረ። ይህ ይረሳል የሚል ሰው ካለ፣ ተስቆበት አያውቅም ማለት ነው።

«ፕሮግረስ» አለችው ጆሮው ሥር። «ትርጉም?»

ሽማግሌው አንድ እግሩን ጎተተ። ከዚያ ሌላውን። ባለፈው ሳምንት አንድም እርምጃ አልነበረም፤ ዛሬ አራት ሄደ።

«አገባብ?»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ የለም። ወንበሩን አላቀረበችለትም። ጉልበቱ ሲብረከረክ፣ ሱሪው ሲርስ ቆማ አየችው። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል።

ቅጹ ላይ «መሻሻል የለም» ብላ ፈረመች። ውጭ ስትጠብቅ የነበረችው ልጁ አንብባው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ብዙ ለፍተሽለታል፣ እህቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና አባቷን በተሽከርካሪ ወንበሩ ትገፋው ጀመር።

ኮሪደሩ መሀል ሲደርሱ ሽማግሌው አንገቱን በግድ ወደ ኋላ አዞረ።

«ሐውልቷ…» አለ። «ሐውልቷ… ፕሮግረስ… አሳየች።»

«ተናገረ! አባዬ ተናገረ!» ብላ ጮኸች ልጁ። «ሰማሽው አይደል?»

ፊዚዮቴራፒስቷ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች።

«ምንም አልሰማሁም» አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።