ጠረጴዛው ላይ መጥቶ የማያውቀው ላፕቶፕ

ኮምፒውተር ጠጋኙ የእህቱን ላፕቶፕ ለአራተኛ ጊዜ ፈታው። ማዘርቦርዱ በድን ነው፤ አንድ ቺፑ ተቃጥሏል። የአራት ዓመት የመመረቂያ ጥናቷ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደው ሜሞሪ ውስጥ ቀርቷል፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካላስረከበች ልፋቷ ሁሉ ውኃ በላው።

“ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?”

“ወንድምዓለም፣ ‘ይሄ አይበላሽም፤ በአሥር ዓመት አንድም ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አልመጣም’ ብለህ የማልክልኝ አንተ አይደለህ?”

እውነቷን ነው፤ እንዲያ ብሎ ያስገዛት እሱው ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚይዘውን ብራንድ ግን “ቆርቆሮ!” እያለ ሲራገም ነው የኖረው፤ በየሳምንቱ ሦስት አራቱ ተበላሽተው ይመጡለታላ።

የተቃጠለውን ቺፕ ፍለጋ ስምንት ጠጋኞች ጋ ደወለ። ስምንተኛው ሳቀበት።

“ጌታው፣ ያንን ብራንድ ከእህትህ በቀር ማን ገዝቶት ያውቃል?”

ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ለካ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ያልመጣው ስለማይበላሽ ሳይሆን የገዛው ሰው ስላልነበረ ነው! ያ ሲሰድበው የኖረው “ቆርቆሮ” ቢሆን ኖሮ መለዋወጫው በካርቶን ሞልቶለታል፤ በአንድ ሰዓት ያስነሳው ነበር።

“ምን አለህ?” አለች እህቱ።

“ምላሴን ይቁረጠው! እኔ ደንቆሮ…”

“ምላስህን ተወውና እጅህን አንቀሳቅስ! ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።”

የ“ቆርቆሮውን” መለዋወጫ ካርቶን ጎትቶ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። አንዱም እንደማይገጥም እያወቀ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቺፖቹን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር።