ሦስት እፍኝ ሩዝ

አርፌ መቀመጥ አልችልበትም። ሚስቴ ኬታኪ "አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል" ትለኛለች። ያን ዕለት ጠዋትም ዶክተር ሳንያል አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ፣ ጀልባዋን ገፍቼ ረግረጉ ውስጥ ገብቻለሁ።

"ኧረ ቀስ በል ባንሲዳር! ሳልሰምጥ አንድ ወፍ እንኳ ልይ" አሉኝ። በየዓመቱ በጥር ከኮልካታ የሚመጡ ጡረተኛ ሐኪም ናቸው።

"ባለ ረጅም ምንቃሮቹ ፀሐይ ሳይጠነክር ነው የሚወርዱት ዶክተር። እኛን ቆመው አይጠብቁም።"

"ጠባያቸውን እንዲህ ያጠናኸው የት ነው?"

"ድስት ውስጥ ነዋ!"

ሳቁ። በየዓመቱ ይጠይቁኛል፣ በየዓመቱ እንዲሁ እመልሳለሁ። በሐይቃችን ዳር ዕድሜው ገፋ ያለ ጀልባ ነጂ ሁሉ የዱሮ ወፍ ገዳይ ነው። መርዝ የነካ ሩዝ ጭቃው ላይ እናስቀምጥና የወደቀውን በቅርጫት እንለቅም ነበር። በኋላ መንደሩ በሙሉ የእናት አምላካችን የካሊ ቤተ መቅደስ ገብቶ፣ እግሯ ሥር ወድቆ ማለ። ከመሐላው ወዲህ ወፍ የገደለ ወይም ሊገድል የሞከረ ሰው ጀልባውን የሚገፋበት ቀርከሃ በሰው ፊት ይነጠቃል፤ ሁለተኛ እንግዳ አይጭንም። ቀርከሃ የሌለው ሰው ደግሞ ከተማ ወርዶ ጡብ መሸከም ነው ዕጣው።

ደረስን። ወፎቹ በመቶ በመቶ ሆነው ከላያችን ይዞራሉ፣ ዶክተር ካሜራቸውን ደግነዋል። የእኔ ዓይን ግን ጭቃው ላይ ቀረ። አንድ ሰፊ የሸምበቆ ቅጠል፣ በላዩ ሦስት እፍኝ ሩዝ ተራ በተራ፣ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቤት የራሱ የሩዝ አጣጣል ነበረው፤ ሩዙን ያየ ሰው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። ይሄ የእኛ ቤት አጣጣል ነው። አባታችን ያስተማረው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ድሩባን ብቻ ነው። እኔ አላስቀመጥኩም። አባቴ ሰማንያ አልፎታል፣ የልጆቹን ስም እንኳ ያምታታል። ታዲያ ማን ቀረ?

ወፎቹ ዝቅ አሉ፣ አሁንም ዝቅ አሉ። ዘልዬ ጭቃው ውስጥ ገባሁና እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። እየጮህኩ እጄን አወናጨፍኩ። መንጋው ባንዴ ብድግ ብሎ ወደ ማዶ ሄደ።

"አብደሃል እንዴ? ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን!" ብለው ዶክተር ጮኹብኝ።

"ይቅርታ ዶክተር" አልኩ። ሩዙን በአንገት ፎጣዬ ቋጥሬ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ በልቤ ድሩባን ስሰድበው መጣሁ። ባለፈው ወር በእንግዳ ተራ ተጣልተን ነበር፤ ያም ቂም አብሮ ፈላ።

መቆሚያው ላይ ጀልባ ነጂው ሁሉ ተሰብስቦ ሻይ ይጠጣል። ፎጣውን ድሩባ እግር ሥር ወረወርኩት።

"እንካ ሩዝህን! ሦስት እፍኝ፣ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ! አታፍርም? ልጆችህ የሚያድሩት በነዚህ ወፎች አይደለም?"

ድሩባ ሩዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

የመሐላው ጠባቂ ሽማግሌው ኡዳብ ናቸው። "ድሩባ፣ ያንተ ነው?" ብለው ጠየቁት።

"የቤታችን አጣጣል ነው" አለ።

ኡዳብ ሩዙን ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩትና ቀርከሃውን ከድሩባ እጅ ተቀበሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ኬታኪ በረንዳው ላይ የአባቴን እግር ታጥባለች። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"ምን ሆኖ ነው?"

"እንግዳህን ልትቀበል እንደወጣህ ሩዝ ስጪኝ አለኝ። ለዶሮዎቹ መስሎኝ ከምንበላው ሰፈርኩለት። ለካ ሐይቅ ወርዷል። ድሩባ መንገድ ላይ አግኝቶት አዝሎ አመጣው፤ እስካሁን እግሬን አላስነካም ብሎኝ ነው።"

አባቴ ሲያየኝ ፊቱ በራ። "ስንት ወደቀ?"

"ምንም አልወደቀም፣ ባፓ።"

"እንዴት ይወድቃል! የመርዙን ጠርሙስ ደብቃችሁብኝ!" ብሎ ተቆጣ።

ለካ ሩዙ ደህና ሩዝ ነበር። ቋጥሬ እስከ መቆሚያው ስወስደው አንዴ እንኳ አላሸተትኩትም።

ድሩባን ጓሮው ውስጥ አገኘሁት። ልብሱን በኬሻ እያጨቀ ነው።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ልበል ወንድም ጋሼ? በካሊ ፊት መጀመሪያ የማለው እሱ አይደል? ሩዙን ስትወረውረው ነው ሥራው የማን እንደሆነ የገባኝ። አንዳንድ ቀን ልቡናው ይመለስለታል። በዚያን ቀን አንዱ ወሬኛ 'መሐላህን አፍርሰሃል' ቢለው በእፍረት ይሞትብናል።"

"እና ጡብ ልትሸከም?"

"ትከሻዬ ደህና ነው። ሂድ አሁን፣ እንግዳህ እየጠበቁህ ነው።"

እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ መቆሚያው ደረስኩ። ዶክተር ሳንያል ሌላ ጀልባ እየጠበቁ ተቀምጠዋል፣ ሰዎቹም እንዳሉ ናቸው።

"ድሩባ አይደለም" አልኩ። "ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዶክተር እንዳያዩብኝ ፈርቼ በወንድሜ ላይ አላከክሁት።"

ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ውኃ ላይ አብሬያቸው ውዬ ገብቻለሁ። አንዳቸው እንኳ "ባንሲዳር? እሱማ አያደርገውም" ይል ይሆናል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ዶክተር ፊታቸውን አዞሩ። ኡዳብ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀርከሃዬን ሰጠኋቸው። ድሩባም ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ያችኑ ቃል ከእኔ አፍ ሲጠብቅ ነበር።