ሃያ ሁለት ጀሪካን

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ረምዚያ ሃያ ሁለት ጀሪካን አንድ በአንድ አውጥታ የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ፊት ትደረድራለች። አንዱ የራሷ ነው። የሃያ አንዱ ባለቤቶች የሉም።

ቡራዩ ነው፣ ታች ሰፈር፤ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ከሰፈሩ ትንሽ ወጣ ሲሉ የገፈርሳ ግድብ ይታያል። ውሃው ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሥራው አዲስ አበባ ነው፤ ልዩነቱ ማታ አለመመለሱ። ያለፈው ክረምት በወጉ ሳይዘንብ ወጣና የግድቡ ዳር እንደ ሽማግሌ ድድ ተራቁቶ ቀረ። ሬዲዮው «ኤልኒኞ» አለ። የኳስ ተጫዋች ስም ይመስላል፤ ያገባው ግን እኛው ላይ ነው። ቦኖው በሳምንት አንድ ቀን ሆነ።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ጥይት ተሰማ። ባለሱቁ ሐምዱ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። ተከራዮቹ እስራኤልና ሶፊ «ለአንድ ሳምንት ነው» ብለው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሁሉም ቁልፋቸውን ይዘው፣ ጀሪካናቸውን ለረምዚያ ትተው ነው የሄዱት፦ «ወረፋችንን አደራ!» በጥር ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። የሄዱትም ቀሩ።

ችግሩ ደንቡ ነው። ከሃያ ጀሪካን በታች የተሰለፈበት ቦኖ ይዘጋና ተራው ለላይ ሰፈር ይሰጣል። ቦኖው ከተዘጋ ደግሞ፣ ውሃ ወደሌለበት ሰፈር ማን ይመለሳል? ስለዚህ ትደረድራለች። ስትደረድርም ዝም አትልም።

«ሐምዱ፣ ጠጋ በል እንጂ! ሶፊዬ፣ ክዳንሽስ?»

በዚያ ሰሞን ሦስት ሰው አንድ ላይ ከቆመ «ምን ልታደርጉ ነው?» ይባል ነበር። ጀሪካኖቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

የውሃ ተቆጣጣሪው እሸቴ መጥቶ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ቆጠረ።

«ሃያ ሁለት። ሰዎቹስ፣ እትዬ ረምዚያ?»

«ቤት ናቸው። ብርድ ነው።»

«ሁሉም?»

«አንተ የምትቆጥረው ሰው ነው ጀሪካን?»

«መመሪያው ጀሪካን ነው የሚለው።»

«እንግዲያው መመሪያህን አክብር።»

ፈረመ። ውሃውን ለቀቀላትና ግንቡ ሥር ተቀምጦ፣ ኢንተርኔት እንደሌለ እያወቀ፣ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ስድስተኛውን ስትሞላ ድንቅቱ ከላይ ሰፈር ወረደች፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን፣ እጇ ላይ ባዶ ጀሪካን።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ረምዚያ? እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ምነው በደህና?»

«የእኛ ቦኖ ከተዘጋ ሦስት ሳምንቱ። ውሃው ለሁለት ሰፈር አይበቃም፣ ታች ሰፈር ሰው በዝቷል ተባልን።» ሰልፉን አየች፤ ከዚያ የተቆለፉትን በሮች። «ሰዎቹ የት አሉ?»

«ይመጣሉ።»

«መቼ?»

ረምዚያ የሞላውን ጀሪካን ከደነች።

«እኛ ከኩሬ ነው የምንጠጣው» አለች ድንቅቱ። «ይቺን ተቅማጥ አጣድፏታል። ያለፈው ሳምንት የቀዱትን ምን አደረጉት?»

በየተቆለፈው ቤት ደጃፍ አርከፍክፋዋለች። አቧራው እንዲረጋ፣ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል። ይህን ግን ሕፃን ላዘለች ሴት እንዴት ይነገራል?

የድንቅቱን ጀሪካን ተቀብላ ሞላችው። ከዚያ እሸቴን ጠራችው።

«ጻፍ። አንድ።»

«ምኑ አንድ?»

«ታች ሰፈር ያለነው አንድ ሰው ነን።»

«እትዬ፣ ፈርሜያለሁ እኮ!»

«ሰርዘዋ! ማስተር ፕላን ይሰረዝ የለ?»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጀሪካኗን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ላይ ሰፈር ቦኖው ተከፍቶ አርባ ያህል ጀሪካን ተሰልፏል፤ በየጀሪካኑ አጠገብም ሰው። ይሟገታሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቀልዱ በኦሮምኛ ነው፤ ግማሹ ያመልጣታል፤ ቢሆንም ሰው ሲስቅ ፈገግ አለች። ድንቅቱን በዓይኗ ፈለገቻት። አልነበረችም።

መጨረሻ ላይ ያለችው ሴት ዞር አለች።

«እማማ፣ ወረፋ የያዙለት ሰው አለ?»

ረምዚያ ቁልቁል ወደ ሰፈሯ አየች። ከዚህ ሲታይ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ነው፤ የማን ቤት የማን እንደሆነ አይለይም።

«የለም» አለች።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አደረገችው።