ጥፋተኛውን ያላሳየበት ቀን

ማዕበል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ረጅሙን ጥምዝ ሽቦ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ጉሮሮ አስገብቶ፣ ጆሮውን ከነጩ ሸክላ ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ጠረኑ የሞተ ቀስቅሶ መልሶ የሚገድል ነው። ጠዋት ፍላሹ ሲለቀቅ ውሃው በመውረድ ፈንታ ሽቅብ መጥቶ፣ ኮሪደሩን አጥለቅልቆ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ ነክሮ፣ ትንሽ ቢተዉት ኖሮ ጎረቤቱን ሁሉ በጀልባ ያሰድድ ነበር። እሱ ግን ፊቱን እንኳ አልቋጠረም። የከተማው ቱቦ ሁሉ ስሜን ሲሰማ ራሱን ይከፍታል ብሎ የሚያወራ ሰው በጠረን አይበረግግም።

ማዕበል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሰዉም ከመከራከር መቀበል ይሻላል ብሎ ተቀብሎታል። የአሠራር ወጉ የታወቀ ነው፦ የተዘጋውን ቱቦ ከፍቶ ዝም ብሎ አይሄድም። የዘጋውን ነገር አውጥቶ፣ ላስቲክ ላይ ዘርግቶ፣ ቤተሰቡን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሰብስቦ «ጥፋተኛው ይኸውላችሁ» ይላል። ማንኪያ፣ የአሻንጉሊት እግር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁሉም በየተራው ላስቲኩ ላይ ቀርቦ ተፈርዶበታል። አንድ ጊዜ ያወጣው የሙሽራ ቀለበት ሲተረክ ሲተረክ ዛሬ የንግሥት ዘውድ ሆኗል።

በሩ ላይ የቤቱ ልጅ ቆማለች። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፤ መወልወያውን እንደ ምርኩዝ ይዛዋለች፤ ሥራ ከረፈደባት ቆይቷል።

«ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ» አለችው። «እንደ ባለፈው ጨርቅ ከወጣ የወተፈው አባዬ ነው። እሱ ከሆነ ነገ መጦሪያ ይገባል። ቦታ ይዤለታለሁ።»

«ኧረ አባትሽ፣ አለቃ፣ ደህና ናቸው» አለ ማዕበል።

«ደህና ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ጨርቅ ይወትፋል? ዛሬ ጨርቅ ነው። ነገ ጋዙን ከፍቶ ቢረሳውስ? ቢሮ ቁጭ ብዬ ቤቱ የሚቃጠል ይመስለኛል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ማዕበል። ለስንቱ ልሁን?» «ስጠይቀው ይምላል። ምሎ ደግሞ ዓይኔን አያየኝም።»

ማዕበል ሽቦውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገ። ባለፈው ላስቲኩ ላይ ያንን ቡትቶ ዘርግቶ «ይህን የወተፈ የቤቱ ጠላት ነው» ብሎ የፎከረው እሱ ራሱ ነበር። ያን ቀን አለቃ አንገታቸውን ደፉ። እሱ በፉከራው ሞቅታ ልብ አላለውም።

አለቃ የልጅቷ አባት፣ የማዕበልም አስተማሪ ናቸው። መፍቻ አያያዝ ያሳዩት፣ ከጉራ በቀር የሚያውቀውን ሁሉ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ጉራውን ከእናቱ ሆድ ይዞት መጥቷል። ዛሬ ሲገባ ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ቤቱ በጎርፍ እየታመሰ፣ እሳቸው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው መስለዋል።

«አንተ ጉረኛ፣ አሁንም ባሕር በጣሳ እጨልፋለሁ ትላለህ?»

«በጣሳማ ማንም ይጨልፋል፣ አለቃ። እኔ በማንኪያ ነው።»

ሳቁ። ሳቃቸው ደረታቸው ውስጥ ቆይቶ፣ አየር እንደያዘ ቧንቧ ተንገራግጮ ወጣ።

አሁን ሽቦው አንድ ነገር ነካ። በዚህ መሐል የልጅቷ ስልክ ጮኸ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው፤ እያነጋገረች ወደ ሳሎን ሄደች። ማዕበል ሽቦውን ቀስ አድርጎ አዞረ። የተወተፈ ጨርቅ መቼም ይታገላል፣ ይቦጨቃል፣ የሰው ወገብ ይሰብራል። ይሄኛው ግን የተጠራ ይመስል ሽቦውን ተከትሎ መጣ።

የሰማያዊ የሥራ ቱታ እጅጌ ነው። ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ቃጫ ተጠምጥሞበታል። ባለፈው ሽቦው ቦጫጭቆት ስለነበር ቡትቶ ብቻ ነበር ያየው፤ ይህኛው ምንም አልተነካም። ቃጫው ሳይደራረብ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ውሃ እንዳያፈስ የቧንቧ ጥርስ ላይ እንደሚጠመጠመው ሆኖ ሄዷል። አንደኛው ጫፉ ከጥምጥሙ ሥር ገብቶ ጠፍቷል። «ጫፉን አስውጠው» ይሉት ነበር አለቃ፤ «የሚታይ ጫፍ የሰነፍ ሠራተኛ ፊርማ ነው።» በምድር ላይ፣ ማዕበል እንደሚለው ደግሞ በሰባቱም ሰማያት ጭምር፣ ቃጫ እንዲህ የሚጠመጥሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እሱ ነው።

ሁለተኛው ጫፍ ግን አልተዋጠም። ረዘም ተደርጎ፣ ቀለበት ተቋጥሮለት ተትቷል። መጀመሪያ እርጅና የፈታው ሙያ መሰለው። ቀለበቱ ሽቦው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ነው የገባው። አለቃ የወተፉት፣ እሱ ሳይለፋ እንዲያወጣው አድርገው ነው። ቱቦ ለመዝጋት አልነበረም። ሰው ለመጥራት ነበር።

ማዕበል እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የአለቃ ባለቤት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ከደረሰ ወዲህ፣ ሳይጠራ ይህን ደጃፍ የረገጠበትን አንድ ቀን ፈለገ፤ አጣ። ለሁሉ የሚበቃው ጉራው ለዚህ አልበቃም። በየሻይ ቤቱ «ያስተማሩኝ አለቃ» እያለ ሲያወራ ነው የኖረው። ስማቸው በየሻይ ቤቱ ሲዞር፣ እሳቸው ኮሪደር ጫፍ ወንበር ላይ ነበሩ።

የእግር ኮቴ ሰማ። እጅጌውን ከነውሃው ሸሚዙ ሥር ወሸቀው፤ ቅዝቃዜው ሆዱ ላይ ተለጠፈ።

«ወጣ?» አለች ልጅቷ። ላስቲኩ ባዶውን ተዘርግቷል።

«ጨርቅ የለም።» ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አፉ ለምዶት አያውቅም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው መቀመጫውን ስገጥም አጣምሜዋለሁ። ሲሚንቶም ቱቦው ውስጥ ጥዬ ሄጃለሁ። ውሃውን ሲያግደው የከረመው እሱ ነው።»

«ያኔ ያወጣኸው ጨርቅስ?»

«የእኔ ነው። እጄን የምጠርግበት። ከዚያ በፊት ስሠራ እዚያው ረስቼው ነበር፤ ሲወጣ አፍሬ በሰው አሳበብኩ።»

መወልወያው ከእጇ ወድቆ ግድግዳውን መታ።

«አባቴን ምን ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? እንደ ሕፃን አቁሜ ነው ያስማልኩት። አንተ እዚሁ ቆመህ ስትፎክር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዕቃህን ሰብስብ። ሁለተኛ የዚህን ቤት ቱቦ እንዳትነካ። ሌላ ሠራተኛ እጠራለሁ።»

ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ከወንበሩ ሥር ተንበረከከች፤ ግንባሯን አባቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። «ይቅር በለኝ፣ አባዬ» ስትል ይሰማል። የአለቃ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ራሷ ላይ ሊያሳርፉት አልደፈሩም። በትከሻዋ ላይ አሻግረው ማዕበልን አዩት። ባዶውን ላስቲክ አዩ፤ የራሰውን ሸሚዙን አዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ልጄ፣ እሱ እንኳ...»

«አለቃ» አለ ማዕበል ፈጠን ብሎ፣ «እርስዎማ አስተምረውኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

እስከ ውጪው በር ሸኙት። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው የእሱን ክንድ ይዘው ሲራመዱ፣ ያቺ ትንሽ ግቢ የበረሃ መንገድ ያህል ረዘመች። ልጅቷ ውስጥ ሆና ፍላሹን ለቀቀችው። ውሃው ያለ ማንገራገር ቁልቁል ወረደ።

«ጥሩ ይወርዳል» አሉ አለቃ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው።

«ይወርዳል።»

«ቱቦውን ከፈትክና በሩን ዘጋህ፣ አንተ ቂል። ከእንግዲህ በምን ልጥራህ?»

ማዕበል ሳይጠሩኝ እመጣለሁ ሊል አሰበ። ግን እመጣለሁ ብሎ የቀረባቸው ቤቶች ሁሉ ፊቱ ተደረደሩ፤ በየደጃፉ ባልዲ ይዘው የሚጠብቁት ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ አገር ይወጣቸዋል። ቃሉ አፉ ውስጥ፣ ጥርሱ እንዳለቀ ብሎን ዝም ብሎ ዞረበት።

«መጣሁ፣ አለቃ» አለ በመጨረሻ።

መጣሁ፣ ይላል የሚሄድ ሰው። ጀርባውን ሰጥቶ እየራቀ ሳለ ቋንቋው ቀድሞ ያደርሰዋል። አለቃም በሙያቸው ዘመን ይህን ቃል ለስንቱ ደጃፍ ብለውታል፤ አንዳንዴ የሻይ መጠጫ ጊዜ ያህል፣ አንዳንዴም የዕድሜ ያህል እንደሚረዝም ያውቁታል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማዕበል ዕቃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መንገዱን ያዘ። የብረቱ በር ሲዘጋ ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፍ የሚያባንን በር ነው፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅ እስኪሰማ ጠበቀ። መታጠፊያው ጋ ደረሰ፤ አልሰማም። እርምጃውን ቀነስ አደረገ፤ አሁንም አልሰማም። ዞር ብሎ ለማየት ግን አልደፈረም።